ተማሪው በገዛ እርምጃው ሲማር መዝገቡን ማን ይይዛል?

ተማሪ ሁሉ እንደየአእምሮው ፍጥነት ይማር የሚለው አሳብ ከውጭ አገር የመጣ አዲስ ፈሊጥ የሚመስላቸው ሰዎች ብዙዎች ናቸው። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ አሳቡ በአገራችን የቆየ መሆኑን፤ አዲሱ ነገር መሣሪያው ብቻ መሆኑን፤ መሣሪያውም፣ ኮምፒዩተር ማለታችን ነው፣ በዚህ ሥራ ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው በማስተማር ሳይሆን መዝገብ በመያዝ እንደ ሆነ ለማስረዳት እንሞክራለን።

ነገሩን እንድንመረምር ያነሣሣን የምንማርበት የመቐለ ከተማ ሁኔታ ነው። እንደሚታወቀው በመጋቢት ወር 2012 ዓ.ም. በኮሮና በሽታ ምክንያት በኢትዮጵያ ያሉ ትምህርት ቤቶች ሁሉ ተዘጉ። የሌሎች ክልሎች ልጆች በ2013 ዓ.ም. ወደ ክፍላቸው ሲመለሱ፣ በትግራይ ግን በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ጦርነት ተነሣ። የፕሪቶሪያው ስምምነት በጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ተፈርሞ ትምህርት ቤቶች በዚያው ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ በሰፊው እስኪከፈቱ ድረስ፣ አብዛኛው የትግራይ ልጅ ሦስት ዓመት ያህል ከትምህርት ገበታ ርቆ ቆየ። በዚህ መካከል ብዙ ትምህርት ቤቶች ተጎድተዋል፤ በመቐለ ከተማ ደግሞ የመማሪያ ክፍሎች ለተፈናቃዮች መጠለያ ሆነዋል።

ሦስቱ ዓመታት ሁሉንም ልጅ እኩል አልጎዱም። ኮሌጅ የደረሰ ወንድም ወይም እኅት ያለው ልጅ ቤቱ ውስጥ መጽሐፍ እያገላበጠ ከረመ፤ ሌላው ቤተሰቡን ለመርዳት በየመንገዱ ሸቀጥ ይዞ ሲዞር ዋለ፤ ሌላው ከቀዬው ተፈናቅሎ ቀድሞ የሚያውቀውን ንባብ እንኳ ረሳ። እነዚህ ሁሉ በአንድ ቀን አንድ ክፍል ገብተው አንድ መጽሐፍ ገለጡ። መምህሩስ ከየትኛው ገጽ ይጀምር? ከመጀመሪያው ቢጀምር የሚያውቁት ይሰለቻሉ፤ ከመካከል ቢጀምር የረሱት ለዘለዓለሙ ይቀራሉ። አንድ የሒሳብ መምህር ይህን ስንጠይቀው «በመካከል ያሉትን አያለሁ፤ ሁለቱን ዳር ግን እግዜር ይወቃቸው» ሲል መለሰልን። መልሱ የስንፍና አይደለም፤ በአራት ክፍል ሁለት መቶ አርባ ተማሪ ለሚያስተምር ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ መስጠት አይቻለውም።

ከሩቅ አገር ምሳሌ ከመፈለጋችን በፊት በየደብሩ ያለውን የአብነት ትምህርት ቤት እንመልከት። ንባብ ቤት የገባ ሕፃን ፊደል ይቆጥራል፤ ከዚያ አቡጊዳ፣ ከዚያ መልእክተ ዮሐንስ፣ ከዚያ ወንጌለ ዮሐንስ እያለ በመጨረሻ ዳዊት ይደግማል። ይህን ጉዞ አንዱ በአንድ ዓመት፣ ሌላው በሦስት ዓመት ይፈጽመዋል። ዓመቱን የሚቈጥር የለም፤ የሚቈጠረው የተወጣው ቀለም ነው። ልጁ የተሰጠውን ቀለም በየኔታ ፊት ቀርቦ ሳይሳሳት ካልተወጣ ሌላ አይጨመርለትም፤ ከተወጣ ደግሞ ጓደኞቹን ጠብቅ ተብሎ አይያዝም። በዜማ ቤትና በቅኔ ቤትም ሥርዓቱ ይኸው ነው። አንድ የቅኔ ተማሪ ስንተኛ ክፍል ነህ ተብሎ ቢጠየቅ ጥያቄው አይገባውም፤ የት ደረስህ ቢሉት ግን ወዲያው ይናገራል።

እንግዲህ በአንድ ዛፍ ጥላ ሥር ሠላሳ ልጆች ተቀምጠው፣ አንዱ ፊደል ሲቈጥር፣ ሁለተኛው መልእክት ሲያነብ፣ ሦስተኛው ዳዊት ሲደግም፣ ነገሩ የማይደበላለቀው በምንድን ነው? ከእኛ ጋር ከሚማሩት መካከል በልጅነታቸው በዚህ ያለፉ ስላሉ ጠይቀናቸው ነበር። መልሳቸው አንድ ነው፤ የኔታ አይረሱም። ተማሪው ትናንት ከቆመበት አንዲት ሐረግ ዘሎ ቢጀምር ወዲያው ይይዙታል፤ ዐይናቸው የደከመ መምህር እንኳ ልጁን በድምፁ ለይተው «አንተ፣ ያችን ትናንት የወደቅህባትን ተወጣት» ይሉታል። ከዚህም ሌላ ታላቁ ተማሪ ታናሹን ስለሚያስቀጽል የየኔታ ድካም ይቃለላል።

አስተውለን ብናየው ሥርዓቱ በአራት ነገሮች ቆሟል። የትምህርቱ ተራ የታወቀ ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሳልፈው መለኪያ የታወቀ ነው። ከመምህሩ በታች የሚያግዙ ታላላቅ ተማሪዎች አሉ። ከሁሉም በላይ፣ እያንዳንዱ ልጅ የት እንደ ደረሰ የሚያውቅ አንድ ጭንቅላት አለ። የቀሩት ሦስቱ በወረቀት ሊሠሩ ይችላሉ፤ አራተኛው ግን የሰው ማስታወስ በመሆኑ ልክ አለው። ሠላሳ ልጅ በጭንቅላት ይያዛል፤ ሁለት መቶ አርባ አይያዝም።

ዘመናዊው ትምህርት ቤት ይህን ችግር የፈታው ችግሩን በመተው ነው። ሁሉንም በአንድ ክፍል አስቀምጦ ሁሉንም በአንድ ቀን ስለሚያሳልፍ፣ ማን የት እንደ ደረሰ ማወቅ አያስፈልገውም፤ የቀን መቍጠሪያው ይነግረዋል። በ1986 ዓ.ም. ከወጣው የትምህርት ፖሊሲ ወዲህ በመጀመሪያዎቹ የአንደኛ ደረጃ ክፍሎች ልጆች ሳይወድቁ እንዲያልፉ ሲደረግ ቆይቷል። የታሰበው በየጊዜው እየመዘኑ የደከመውን እንዲያግዙ ነበር፤ ማሳለፉ በቀላሉ ሲፈጸም፣ እየመዘኑ ማገዙ ግን መዝገብና ጊዜ ስለሚጠይቅ በብዙ ቦታ በወረቀት ላይ ቀረ።

በአንድ እርምጃ ማስተማር ምን ያህል ሊገፋ እንደሚችል ያየነው ደግሞ በፕላዝማ ነው። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በየክፍሉ ትልቅ ቴሌቪዥን ተሰቅሎ ትምህርቱ ከአዲስ አበባ በሳተላይት ይሠራጭ ነበር። ልጆቹ ራሱን ትምህርቱን «ፕላዝማ» ብለው ጠሩት። በቴሌቪዥኑ የሚታየው መምህር በደቡብ አፍሪካ የተቀረጸ፣ እንግሊዝኛው ፈጣንና ለጆሯችን እንግዳ ነበር። ጥያቄ ይጠይቅና የጥቂት ሰኮንድ ጊዜ ሰጥቶ መልሱን ራሱ ይናገራል፤ የክፍሉ መምህር ሊያቆመው አይችልም፤ መብራት ከጠፋ የዚያን ዕለት ትምህርት አመለጠ ማለት ነው። የእኛ ታላላቆች በዚህ ተምረዋል፤ ስለ ፕላዝማ ሲናገሩ ከሳቃቸው ጋር ምሬት አለ። ጥቅም አልነበረውም አንልም፤ ቤተ ሙከራ በሌለበት የገጠር ትምህርት ቤት የኬሚስትሪ ሙከራ በምስል ማየት ቀላል ነገር አልነበረም። ሆኖም ያን ያህል ገንዘብ የወጣበት መሣሪያ አንድ ነገር አላደረገም፤ ከተማሪዎቹ አንዱ እንኳ ይግባው አይግባው አልጠየቀም። ከአዲስ አበባ ወደ መቐለ ይነገር ነበር እንጂ ከመቐለ ወደ አዲስ አበባ የሚመለስ ቃል አልነበረም።

ይህ ከሆነ ዘንድ ኮምፒዩተር ከዚህ የሚለየው በምንድን ነው? ነገሩ እንዲገባን ጥቂት ወደ ኋላ ተመልሰን የሌላውን ዓለም ታሪክ ማየት አለብን።

በፈረንጆች አቆጣጠር በ1950ዎቹ ስኪነር የሚባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ሊቅ ተማሪው መልስ ሰጥቶ ወዲያው ትክክል መሆን አለመሆኑን የሚያይበት፣ ከዚያም ወደሚቀጥለው ጥያቄ የሚያልፍበት የማስተማሪያ መኪና አሳይቶ ነበር። መኪናው በእጅ የሚሽከረከር ተራ ሣጥን ነው። በ1960 በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ዶናልድ ቢትዘርና ጓደኞቹ ፕላቶ የተባለውን ሥራ ጀምረው የተማሪውን መቀመጫ ከኮምፒዩተር ጋር አገናኙ። የስኪነር የትምህርት ቤት ጓደኛ የነበረው ፍሬድ ኬለር ግን ያለ ምንም መኪና ሌላ መንገድ ያዘ። በ1964 ከብራዚላውያን ባልደረቦቹ ጋር በብራዚሊያ ዩኒቨርሲቲ አንድን ትምህርት በትንንሽ ክፍሎች ከፈለው፤ ተማሪው አንዱን ክፍል በገዛ ጊዜው አጥንቶ ሲዘጋጅ ይፈተናል፤ ካለፈ ይቀጥላል፤ ካላለፈ ያለ ቅጣት አጥንቶ ይመለሳል፤ ፈተናውን የሚያርሙት ቀደም ብለው ያንኑ ትምህርት የፈጸሙ ተማሪዎች ናቸው። አንባቢያችን ይህን ሲያነብ ቅድም ያየነው የዛፉ ጥላ ትዝ ሳይለው አይቀርም። ኬለር የአብነት ትምህርት ቤታችንን አይቶ ነበር የሚል አሳብ የለንም፤ አንድ ዓይነት ችግር ግን አንድ ዓይነት መፍትሔ ይወልዳል።

በዚያው በ1964 ከፒትስበርግ ከተማ አጠገብ ባለው በኦክሊፍ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይህንኑ ለሕፃናት ሞከሩት። እያንዳንዱ ልጅ የየራሱ የሥራ ትእዛዝ በየቀኑ ይሰጠው ነበር። ልጆቹ ተማሩ፤ ነገር ግን ወረቀቱ በዛ። የልጆቹን ሥራ ለማረም ብቻ ረዳት ጸሐፊዎች መቅጠር አስፈለገ። ኮምፒዩተር በዚህ ሥራ ውስጥ የገባው በዚህ በር ነው፤ ማለትም እንደ መምህር ሳይሆን እንደ መዝገብ ቤት ጸሐፊ ገባ።

የወረቀቱን ብዛት እኛም በራሳችን ሁኔታ አስልተነዋል። አንድ የዓመት ትምህርት በ20 ክፍለ ትምህርት ቢከፈል፣ በአንድ ክፍል 60 ተማሪዎች ቢኖሩ፣ እያንዳንዱም አንዱን ክፍለ ትምህርት ለማለፍ በአማካይ ሁለት ጊዜ ቢፈተን፣ በዓመት 2,400 ወረቀት ይታረማል። አንዱን ለማረም 3 ደቂቃ ቢወስድ 7,200 ደቂቃ፣ ማለት 120 ሰዓት ይሆናል። መምህሩ አራት ክፍል ካለው 480 ሰዓት ነው። ይህም ማረሙ ብቻ ነው፤ ማን ምን እንዳለፈ መጻፉ፣ ከየት ላይ እንደ ወደቀ መለየቱ፣ ቀጥሎ ምን እንደሚሠራ መንገሩ አልተቈጠረም። «በገዛ እርምጃ መማር» የሚለው አሳብ በብዙ አገር ተጀምሮ የቀረው አሳቡ መጥፎ ስለ ሆነ ሳይሆን፣ ከዚህ ተራራ ሥር ስለ ተቀበረ ይመስለናል።

ከዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚደባለቁ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው የሚያስተምር ኮምፒዩተር ነው፤ ልጁ ከስክሪኑ ፊት ተቀምጦ ትምህርቱን ያነባል፣ ሥዕሉን ያያል፣ ጥያቄውን ይመልሳል። ሁለተኛው ትምህርትን የሚያስተዳድር ኮምፒዩተር ነው፤ ልጁ የሚማረው ከመጽሐፉ፣ ከመምህሩ፣ ከጓደኛው ነው፤ ኮምፒዩተሩ የሚጠይቀው፣ የሚያርመው፣ የሚመዘግበውና ቀጥሎ ወዴት እንደሚሄድ የሚነግረው ብቻ ነው። ስለ መጀመሪያው ብዙ ይወራል፤ ስለ ሁለተኛው ጥቂት። ለእኛ አገር ግን የሚበጀው ሁለተኛው መሆኑን ቍጥሩ ራሱ ያሳያል። 20 ኮምፒዩተሮችና 600 ተማሪዎች ያሉት አንድ ትምህርት ቤት እናስብ። ክፍሉ በቀን 5 ሰዓት፣ በሳምንት 5 ቀን ቢከፈት፣ ለአንድ ተማሪ በሳምንት የሚደርሰው 50 ደቂቃ ነው። በ50 ደቂቃ ከኮምፒዩተር ሊማር የሚችለው ለትምህርቶቹ ሁሉ ቢከፋፈል ምንም አይደለም። አንድ አጭር ፈተና 10 ደቂቃ ቢፈጅ ግን በዚያው ጊዜ በሳምንት አምስት ፈተና ይፈተናል፤ ይህም ከሚያስፈልገው በላይ ነው። ስለዚህ የኮምፒዩተር ማነስ የሚያስተምረውን ዓይነት ይከለክላል እንጂ የሚያስተዳድረውን ዓይነት አይከለክልም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ መምህራኑ ትምህርቱን ይከፋፍሉና የትኛው ከየትኛው መቅደም እንዳለበት ያመለክታሉ። ክፍልፋዮችን መደመር ከመማር በፊት የጋራ ታሕት ማግኘት ይቀድማል፤ ከዚያም በፊት ማባዛት ይቀድማል። ይህ ተራ በኮምፒዩተሩ ይጻፋል። ቀጥሎ ለእያንዳንዱ ክፍለ ትምህርት ብዙ ጥያቄዎች ይዘጋጃሉ፤ ብዙ መሆን የሚገባቸው ወድቆ የተመለሰው ልጅ የቀድሞውን ጥያቄ በቃሉ ይዞ እንዳይመጣ ነው። ከዚያ የማለፊያው ልክ ይወሰናል።

ጥሩ የሚባለው ጥያቄ የሳተውንም ልጅ የሚያናግር ነው። 1/2 ሲደመር 1/3 ስንት ነው ብለን እንጠይቅ። 5/6 ያለው አውቋል። 2/5 ያለው ልጅ ላዩን ከላዩ፣ ታቹን ከታቹ ደምሮታል፤ የጋራ ታሕት የሚባለውን ነገር ገና አላየውም፤ ወደዚያ ይመለስ። 5/12 ያለው ግን የጋራ ታሕቱን አግኝቶ 3/6ና 2/6 ካደረገ በኋላ ታሕቱንም ደምሮታል፤ ለእርሱ አንድ ሁለት ደቂቃ ማስረዳት ይበቃዋል። ሦስቱንም «ትክክል» እና «ስሕተት» ብሎ የሚለያቸው መዝገብ ሁለቱን የሳቱትን ልጆች አንድ አድርጎ ይበድላቸዋል። ይህን መለየት የሚችል መምህር ሞልቷል፤ በ60 ወረቀት ላይ ሌሊት በኩራዝ መለየት የሚችል ግን የለም። ኮምፒዩተሩ አይደክመውም፤ ሊቅ ስለ ሆነ ሳይሆን መምህሩ አስቀድሞ «2/5 ያለውን ወደዚህ፣ 5/12 ያለውን ወደዚያ» ብሎ ስላዘዘው ነው።

የማለፊያው ልክ ትንሽ ጉዳይ ይመስላል፤ አይደለም። አራት ምርጫ ባለው ጥያቄ ላይ ምንም የማያውቅ ልጅ በግምት አንዱን የማግኘት ዕድሉ ከ4 አንድ ነው። ሦስት ጥያቄ በተከታታይ መመለስ ማለፊያ ቢሆን፣ በግምት የማለፍ ዕድሉ ከ64 አንድ ይሆናል፤ ማለት በ64 ልጆች ክፍል ውስጥ አንዱ ባዶውን ሊያልፍ ይችላል። አምስት በተከታታይ ከሆነ ግን ዕድሉ ከ1,024 አንድ ነው። ሁለት ጥያቄ በመጨመር ይህን ያህል ልዩነት ይመጣል። ከዚህ በላይ ማጥበቅ ደግሞ የሚያውቀውን ልጅ በእጁ ስሕተት ብቻ ማንገላታት ይሆናል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ መምህሩ የሚደርሰው አንድ ገጽ ነው፤ እነ እገሌ ክፍለ ትምህርት 7ን አልፈዋል፤ እነዚህ ስምንት ልጆች በአንድ ዓይነት ስሕተት ቆመዋል፤ ይህች ልጅ ሦስት ሳምንት ምንም አልተፈተነችም። ሰኞ ጧት ስምንቱን ሰብስቦ ለሃያ ደቂቃ ያስረዳቸዋል፤ የቀሩት ሥራቸውን ይቀጥላሉ። የኔታ ያለ ወረቀት ያደርጉት የነበረው ይህንኑ ነው። (በነገራችን ላይ መዝገቡ ተማሪውን በስሙ ብቻ ሳይሆን በቍጥርም መያዝ አለበት፤ በመቐለ በአንድ ክፍል ሦስት ሐጎስ መኖሩ ብርቅ አይደለም፤ የአንዱ ሐጎስ ውጤት ለሌላው ሐጎስ ቢሰጥ ኮምፒዩተሩ አያፍርም።)

በአገራችን ከተደረጉት ሙከራዎች መካከል ስለ መዝገብ ብዙ የሚያስተምረን በ2004 ዓ.ም. በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ በሚገኙ ሁለት መንደሮች የተደረገው ነው። «ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ» የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ትምህርት ቤት ለሌላቸው ልጆች ታብሌቶችን ከነካርቶናቸው ሰጠ፤ ባትሪው የሚሞላው በፀሐይ ኃይል ነበር። የሚያስተምራቸው ሰው አልነበረም። ልጆቹ ካርቶኑን ከፍተው መሣሪያውን ወዲያው አበሩት፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላ የእንግሊዝኛ ፊደል መዝሙር ይዘምሩ ጀመር፤ በጥቂት ወራትም የተቈለፈውን የካሜራ ቅንብር ፈትተው ተገኙ። የድርጅቱ መሪ ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ ይህን በ2005 ዓ.ም. በአሜሪካ ሲናገር ዓለም ተደነቀ፤ እኛም የአገራችን ልጆች በመሆናቸው ደስ ይለናል። ዳሩ ግን ከዜናው ይልቅ እኛን የሳበን አንድ ትንሽ ነገር ነው። ታብሌቶቹ ልጆቹ የነኩትን ሁሉ በካርድ ላይ ይመዘግቡ ነበር፤ በየሳምንቱ አንድ ሰው እየመጣ ካርዱን ለውጦ ይሄዳል፤ መዝገቡም ለተመራማሪዎቹ ይላካል። ስለዚህ ማን የት እንደ ደረሰ፣ ማን የት እንደ ቆመ በትክክል የሚያውቅ መዝገብ ነበረ፤ የሚያነበው ሰው ግን በመንደሩ አልነበረም። ልጁ በአንዲት ፊደል ላይ ሲንገታገት በሌላ ክፍለ ዓለም ያለ ሰው አወቀው፤ እናቱና ጎረቤቱ አላወቁም። መዝገብ ከልጁ አጠገብ ላለ ሰው ካልተነበበ ለጥናት ይጠቅማል፤ ለልጁ አይጠቅመውም።

ጕድለቶቹንም ሳንሸሽግ መናገር ይገባናል። በገዛ እርምጃ መማር የተሞከረበት ኮሌጅ ሁሉ ያማረረው ከአንድ ነገር ነው፤ ተማሪው ነገ ነገ ይላል። የኬለርን ሥርዓት የተከተሉ ብዙ መምህራን ተማሪዎቻቸው እስከ ዓመቱ መጨረሻ ቆይተው በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ሲንጋጉ አይተዋል፤ አንዳንዶቹም ፈጽሞ አይደርሱም። በአብነት ትምህርት ቤት የኔታ ከነዘንጋቸው ስለ ተቀመጡ ይህ ችግር ያን ያህል የለም። ኮምፒዩተር ግን ዘንግ የለውም፤ ያልመጣውን ልጅ ሄዶ አይጠራውም። ስለዚህ «በገዛ እርምጃ» ማለት «እርምጃ በሌለበት» ማለት እንዳይሆን፣ ቢያንስ በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ መፈተን ግዴታ ቢሆን እንወዳለን።

ሁለተኛው የመኰረጅ ነገር ነው፤ ይህንስ የማያውቅ ተማሪ የለም። በሐጎስ ቍጥር ገብቶ የሚፈተነው ታላቅ ወንድሙ ሊሆን ይችላል። ፈተናው በክፍል ውስጥ መምህር ቆሞ እያየ ይሁን ከማለት ሌላ መድኃኒት አላገኘንለትም። ሦስተኛው ግን ከሁለቱም ይከብዳል። በመዝገቡ ላይ ወደ ኋላ የቀረች ልጅ ስትታይ ሰነፍ ናት ለማለት ይቀላል። ከትምህርት ቤት ወጥታ ውኃ የምትቀዳ፣ እንጀራ የምትጋግር፣ ታናናሾቿን የምትይዝ ልጅ ግን በሳምንት ያላት የጥናት ሰዓት የወንድሟ ግማሽ ሊሆን ይችላል። መዝገቡ ርምጃዋን ያሳያል እንጂ እግሯ የታሰረበትን ገመድ አያሳይም። ይህ እንደ ማስረጃ ተወስዶ ልጅቱ ከክፍሏ ዝቅ ብትደረግ፣ ወይም መምህሩ «ተማሪዎችህ ዘገዩ» ተብሎ ደመወዙ ቢነካ፣ መምህሩ በሚቀጥለው ወር ሁሉንም «አልፈዋል» ብሎ ይጽፋል፤ ከዚያ በኋላ መዝገብ የለም ማለት ነው። ስለዚህ የፈተናው ውጤትና የእርምጃው መዝገብ ተለያይተው ቢያዙ፣ የእርምጃው መዝገብም ከመምህሩ፣ ከተማሪውና ከወላጁ እጅ ባይወጣ የተሻለ ነው ብለን እናምናለን።

ኮምፒዩተር በአሁኑ ተማሪ አእምሮ ውስጥ ያለው መልክም የሚረዳን አይደለም። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ የዩኒቨርሲቲ ተመራቂዎች የመውጫ ፈተና በኮምፒዩተር ተሰጠ፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከፊሉ በኮምፒዩተር ሆነ። ብዙው ተማሪ ኮምፒዩተር ፊት የተቀመጠው የሕይወቱ ዕጣ በሚወጣበት ቀን ነው፤ እጁ ቢንቀጠቀጥ አያስደንቅም። እኛ የምንናገርለት ፈተና ከዚህ ጋር ስም እንጂ ሌላ የሚያገናኘው የለም፤ ቢወድቁበት ምንም የማይጎድልበት፣ በማግሥቱ ተመልሰው የሚሞክሩት ነው።

በመቐለ ይህ ይቻላል ወይ? በጦርነቱ ጊዜ ኢንተርኔትና ስልክ ለብዙ ወራት ተቋርጠው እንደ ነበር፣ ከተማይቱም ከብሔራዊው የኤሌክትሪክ መሥመር ጋር ዳግም የተገናኘችው በኅዳር 2015 ዓ.ም. እንደ ሆነ የሚያስታውስ ሰው፣ በሩቅ አገር ኮምፒዩተር ላይ የተቀመጠ መዝገብ አያምንም፤ እውነቱንም ነው። ነገር ግን ዛሬ ያለ ኢንተርኔት የሚሠሩ ፕሮግራሞች አሉ። ማርቲን ዱጊያማስ የተባለው አውስትራልያዊ በፈረንጆች 2002 ያወጣው ሙድል በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ይሠራበታል፤ በነጻ የሚገኝ ስለ ሆነ በትምህርት ቤቱ ውስጥ ባለ አንድ ኮምፒዩተር ላይ ሊጫን ይችላል። ኮሊብሪ የሚባለው ደግሞ ከመጀመሪያው ኢንተርኔት ለሌለበት ቦታ ታስቦ የተሠራ ነው፤ አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር መዝገቡንና ጥያቄዎቹን ይይዛል፤ የቀሩት ኮምፒዩተሮች ወይም ታብሌቶች በክፍሉ ውስጥ በዋይፋይ ይገናኙታል፤ መምህሩም የእያንዳንዱን ተማሪ እርምጃ ያይበታል። ኮምፒዩተር ክፍል የሌለው ትምህርት ቤት እንኳ በአንድ ላፕቶፕ ሊጀምር ይችላል፤ ልጆቹ በወረቀት ይፈተናሉ፤ ታላላቅ ተማሪዎች ያርማሉ፤ ውጤቱ ብቻ በላፕቶፑ ይገባል። ባትሪው ለሁለት ሰዓት ከያዘ ለዚህ ይበቃል።

እውነተኛው ችግር ያለው ከመሣሪያው ሳይሆን ከጥያቄው ላይ ነው። በትግራይ እስከ 8ኛ ክፍል የሚማሩት በትግርኛ ነው፤ በነጻ የሚገኙት ጥያቄዎችና ትምህርቶች ግን አብዛኞቹ በእንግሊዝኛ ናቸው። የ5ኛ ክፍል ልጅ የክፍልፋይን ድምር ሳተ የምንለው ሒሳቡን ሳይሆን እንግሊዝኛውን ስቶ ከሆነ፣ መዝገባችን ከመጀመሪያው ሐሰት ነው። ስለዚህ ጥያቄዎቹ ከዚሁ መጻፍ አለባቸው፤ ይህም ሥራ ገንዘብ ካላቸው ድርጅቶች የሚጠበቅ አይደለም። ለአንድ ክፍል የሒሳብ ትምህርት 20 ክፍለ ትምህርት፣ ለእያንዳንዱ በአራት ዓይነት የተዘጋጀ ፈተና፣ በእያንዳንዱ ፈተና 10 ጥያቄ ብንል፣ 800 ጥያቄ ይሆናል። በኮሌጃችን ሒሳብና የማስተማር ሙያ የሚያጠኑ 40 ተማሪዎች እያንዳንዳቸው 20 ጥያቄ ከነሊሆኑ የሚችሉ ስሕተቶቹ በትግርኛ ቢጽፉ በአንድ የዕረፍት ጊዜ ያልቃል። የ5ኛ ክፍሉን ለመጀመር ስድስት ሆነን ተስማምተናል፤ ከክፍልፋዮች እንጀምራለን።